የወጥ ቤቱ ቱቦ

የቤት ማሞቂያ ቱቦ ጠራጊዋ ግሌንዳ የመጨረሻውን የአየር ቱቦ ጠርጋ አቧራ መምጠጫ ማሽኑን ስታጠፋው ምድር ቤቱ ጸጥ አለ። ወዲያው ከማሞቂያው ተነስቶ ወደ ወጥ ቤቱ ከሚወጣው የቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ። ላይ ወጥ ቤት ያሉት የቤቱ እመቤት ከልጃቸው ጋር በስልክ እያወሩ ነበር። «ሐኪሙ ከእንግዲህ ተስፋ የለሽም ብሎኛል። ለአባትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ፤ ዘንድሮ እንኳ ገናን በደስታ ይዋል።»

ግሌንዳ ክው አለች። ባልየው አቶ ኦረስት አጠገቧ ቆመው ባትሪ እያበሩላት ነበር። ቀና ብላ ፊታቸውን ለማየት ፈራች። ሥራው እንዳለቀ እያወቀች ማሽኑን መልሳ አስነሳችውና የጸዳውን ቱቦ እንደገና መጥረግ ጀመረች። የማሽኑ ጩኸት ቤቱን ሞላው። ጥቂት ቆይተው ሽማግሌው ጎንበስ አሉና ራሳቸው አጠፉት።

«ተይው ልጄ» አሉ። «የዊኒፔግ ብርድ ከገባ ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። ማወቄን እሷ አታውቅም።»

«አባባ፣ እኔ እኮ... ምን ልበልዎ?»

«ምንም አትበይ። ይልቅ ይሄ የወጥ ቤቱ ቱቦ በደንብ ጸድቷል?»

«ጸድቷል።»

«የደፈነው ነገር የለም? እርግጠኛ ነሽ?»

«ምንም የለም፣ አባባ። ጥርት ብሏል።»

ሽማግሌው ጆሯቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈው ትንሽ አዳመጡ።

«ድምጿ ከቀን ወደ ቀን እየራቀብኝ ሲሄድ ነው የጠራሁሽ» አሉ። «ቱቦው የተደፈነ መስሎኝ ነበር።»