የምላስ ዋስ

በዚያ ዘመን ሥራ ፈላጊ የሚቀጠረው ምላሱን ዋስ የሚያደርግለት ሰው ሲያገኝ ብቻ ነበር። ተቀጣሪው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ዋሱ የሚበላውን አያጣጥምም። ትርንጎም የሰፈሩ በጎ አድራጎት ማኅበር አንድ ልጇን ሚልኪያስን እንዲያስቀጥርላት ብላ ምላሷን ሰጠች፤ ከዚያ ወዲህ ወጧን የምትሠራው በግምት ነው።

አንድ እሁድ ሚልኪያስ አለቃውን ምሳ ጋበዘ። ሰውዬው ገና አንዴ ጎርሶ ጨው በዝቶበት ውሃ ሲጠይቅ፣ ልጅ ሆዬ ሁሉን እያወቀ ሳቀ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ እናቴ ድሮም ሙያ የላትም።"

ትርንጎ ውሃውን ቀድታ አቀረበች። ሲነጋ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ማኅበሩ ቢሮ ገባች።

"ዋስትናዬን አንሺልኝ።"

ጸሐፊዋ ደነገጠች። "እትዬ ትርንጎ፣ ልጅዎ እኮ ዛሬውኑ ይባረራል!"

"ይባረራ!"

ቤቷ ተመልሳ ሽሮ ሠራች። በማማሰያው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው። ጨዉ መጣላት፤ ቅቤውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም መጣላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ማታ ሚልኪያስ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ።

"እማዬ፣ አባረሩኝ እኮ! ምን አድርጌሽ ነው?"

ትርንጎ ዳጎስ ያለ ጉርሻ ጠቅልላ አፉ ላይ አደረሰችለት።

"እስቲ ጉረስ፤ የዛሬውስ ጨው እንዴት ነው?"