የብስክሌቱ ኮቴ

ጋሼ ውዱ የባለቤቴን ብስክሌት የፊት ጎማ ከመሬት አንስተው በጉልበታቸው መሀል ያዙት። የፈረስ እግርም የሚይዙት እንዲሁ ነው። ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ መታ መታ አደረጉት።

«ጥሩ ነው» አሉ።

እኔ ክው አልኩ። ያ ጎማ አልቋል! ከማለቅም አልፎ ሁለት ቦታ ላይ ክሩ ብቅ ብሏል። ባለቤቴ እንየው ክሩን በጥላሸት ሲያጠቁረው ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ።

የጥር ጊዮርጊስ ዕለት እንጅባራ ሜዳ ላይ ያለ ጋሼ ውዱ ፈቃድ የሚጋልብ የለም። ፈረሶቹ ከመሮጣቸው በፊት አንድ በአንድ ይቀርቡላቸዋል፤ የኮርቻ ጠፍር ይስባሉ፣ ኮቴ ያያሉ። ኮቴው የተሰነጠቀ ፈረስ ባለቤቱ የፈለገ ባላባት ቢሆን ከሜዳው ይወጣል። ዘንድሮ ግን ጣሊያን ጥሎት የሄደ ብስክሌት ቀረበላቸው። ጥፋቱ የወንድሜ የሽባባውና የባለቤቴ ነው። ጠጅ ላይ ተቀምጠው አንዱ ፈረስ ይቀድማል፣ አንዱ ብስክሌት ይቀድማል ሲባባሉ ቆዩና በበዓሉ ቀን ሜዳውን አንድ ዙር ሊሽቀዳደሙ ተማማሉ።

እንየው ልብስ ሰፊ ነው፤ የከተማ ሰው። እኔ ግን ሜዳውን አውቀዋለሁ። በሣሩ ስር ድንጋይ አለ፣ በታች በኩል ቁልቁለት አለ። ጎማው እዚያ ላይ ከፈነዳ ባሌን በቃሬዛ ነው የምንሸከመው። ወር ሙሉ ለመንኩት። «ምንም አይሆንም የሻረግ፣ ገና ዓመት ይሄዳል» ይለኛል። የቀረኝ ተስፋ ጋሼ ውዱ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ «ጥሩ ነው» አሉ!

እንየው ወደ እኔ ዞሮ ጥርሱን ብልጭ አደረገ። ያንን ጥርሱን!

ጋሼ ውዱ ወደ ኋላው ጎማ አለፉ። ይኼኛው አዲስ ነው። እንየው ዳንግላ ድረስ ሄዶ አንድ ብቻ አግኝቶ ያመጣው ነው፤ ላዩ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ገና አልተነኩም። ሽማግሌው ጥፍራቸውን በመስመሮቹ መሀል ሲያስገቡ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይኼ ተሰነጣጥቋል» አሉ።

«ምኑ?» አለ እንየው።

«ኮቴው ነዋ! እስቲ እየው፣ ዙሪያውን ነው። የፊቱ ልሙጥ ነው፣ መንገድ የለመደ። በዚህኛው ግን ጠጠር ይገባበትና ያነክሳል።»

«ኧረ ጋሼ ውዱ፣ አዲስ እኮ ነው! ሲሠራም እንዲህ ነው!»

«ሲወለድም ስንጥቅ ነበር ነው የምትለኝ?» ዙሪያውን የቆመው ፈረሰኛ ሳቀ። «አይዞህ ልጄ፣ አላስቀርህም። እንደ ፊተኛው አስተካክዬልህ ትሄዳለህ።»

ይህን ብለው ኮቴ የሚከረክሙበትን ቢላዋ ከወገባቸው መዘዙ።

አቤት የእንየው ፊት! ቢላዋውን ያያል፣ አዲሱን ጎማ ያያል፣ እኔን ያያል። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አያለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ያቋርጣል? ጋሼ ውዱ ቁጢጥ ብለው ስለቱን አንዱ መስመር ላይ አሳረፉ።

«ጋሼ ውዱ!» ብሎ ጮኸ እንየው። «ያለቀው እኮ የፊቱ ነው!»

ቢላዋው ባለበት ቆመ።

«የትኛው?»

«የፊቱ። ልሙጥ የሆነው ስላለቀ ነው። ክሩ ወጥቶ ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።» ሳይወድ በግዱ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሷም ወር ሙሉ ስትነግረኝ ነበር።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ጋሼ ውዱ የፊቱን ጎማ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ሲያደርጉት ነጩ ክር ወጣ። እሳቸውም በራሳቸው ሳቁ። «የዚህን እንስሳ አመል አላውቅም ማለት ነው» አሉ። ቢላዋቸውን ወደ አፎቱ መለሱና «ብስክሌቱ ከሜዳ ወጥቷል!» ብለው አወጁ።

እፎይ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እንየው ግን አንገቱን ደፍቶ ሲቆም አንጀቴን በላው።

«እኔስ?» አለ ሽባባው ከፈረሱ ላይ ሆኖ። እዚህ ሜዳ የሚሮጠው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው፤ ጥንድ ያጣ አይሮጥም። «ለዚህ ቀን ብዬ የቀለብኩትን ፈረስ ይዤ ቤቴ ልግባ?»

ጋሼ ውዱ ዙሪያውን ቃኙ። ሁሉም ጥንድ ጥንዱን ይዟል። ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። ልጅ ሆነን ዘንገና ሐይቅ ዳር ከሽባባው ጋር ሽምጥ ስንጋልብ የሚቆጡን እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ግን የራሳቸውን ባዝራ ልጓም ዘረጉልኝ።

እውነት ለመናገር ሁለተኛ እስኪሉኝ አልጠበቅኩም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ፣ እግሬን ርካቡ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ሰው እልል አለ። ባዝራዋ ጆሮዋን አቁማ ትቁነጠነጣለች፣ እኔም ከእሷ አልተሻልኩም። ካገባሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጓሙን ላላ ሳደርግላት ግን አልተንቀሳቀሰችም። ዝቅ ብዬ አየሁ። እንየው ብስክሌቱን ሣሩ ላይ ጥሎ፣ ተንበርክኮ የፊት እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ ይዟል።

«እንየው፣ ልቀቅ እንጂ! ሰው እየጠበቀ ነው!»

«ቆይ» አለኝ ቀና ሳይል። «ጋሼ ውዱ፣ የዚችን ኮቴ ማን አየው?»

«የእኔን ባዝራ ነው የምትጠይቀኝ?» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸው ፈጦ።

እንየው የአንዱን እግር አፈር በልብስ ሰፊ ጣቱ ፈልፍሎ ጨርሶ፣ ወደ ሁለተኛው ዞሯል።