አራቱ ጎማዎች

ልጅቱ መኪናዋን ከውድድር ሜዳው አውጥታ እንዳቆመች፣ አባቷ ተንበርክኮ መዳፉን በየጎማው ላይ ማሳረፍ ጀመረ። መኪናዋ እሁድ እሁድ የሚነዳት የራሱ የስፖርት መኪና ናት። ጎማዎቹ ላይ አካሏን የሚሸከሙትን ሞላዎች በአጫጭርና በጠንካራ የቀየረችው ግን ልጁ ነበረች። «ኩርባ ላይ ካንሸራተተችሽ የድሮውን ሞላ እመልሳለሁ፤ አንቺም ሁለተኛ መፍቻ አትነኪም» ብሏት ነበር። አንዱ ጎማ ከሌላው አለቅጥ ከጋለ፣ ሚዛኗ ተዛብቷል ማለት ነው። አራተኛው ላይ እጁ ቆየ።

«አባዬ፣ ጎማ ነው የምትዳስሰው ወይስ የበሽተኛ ግንባር?» አለችው።

«ዝም በይ!» አላት። አራቱም እኩል ሞቀዋል።

ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። አጥሩ ዳር ወደቆሙት መካኒክ ጓደኞቹ ዞረና ደረቱን ነፍቶ፣ «እሷ ናት የሠራቻት! የኔ እጅ የለበትም!» ሲል ጮኸ።