«ደ» የተጻፈባት ዋንጫ

«ያባትህ ቦታ ባዶ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ከተዘጋው በር ውጭ ቆመው...

አንተነህ ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሳበ።

«አባቴ ሞቷል።»

«ባዶ የሆነውማ ለዚያ አይደል?»

አንተነህ 25 ዓመቱ ነው። ተመርቆ ደብረ ማርቆስ እናቱ ቤት ከተመለሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሥራ አላገኘም። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው አባቱ ደሳለኝ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ አይወጣም።

እናቱ ምግቡን በር ላይ ታስቀምጣለች... ማታ ሳህኑን እንዳለ ታነሳዋለች።

ሽማግሌው አያ ወልደ ሩፋኤል ይባላሉ። 74 ዓመታቸው ነው። በየወሩ በ16 የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ የሚጠጣ ማኅበር አላቸው። አባት ሲሞት ልጅ ቦታውን ይወርሳል፤ የማኅበሩ ደንብ ነው።

«አባቴ እኮ ዕድሜውን መንገድ ላይ ነው የጨረሰው። መቼ ነው ማኅበር የጠጣው?»

«ሲመቸው።»

ሦስት ወር በ16፣ በ16 እየመጡ ተመለሱ። በአራተኛው ወር ዝናብ ነበር።

«ዛሬ ካልወጣህ እዚሁ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ» አሉ። «ብርድ ቢገድለኝ ቀባሪው አንተ ነህ።»

ወጣ...

ማኅበሩ እትዬ ጥሩብርሃን ቤት ነበር። ሁሉም ከስልሳ በላይ ናቸው። የቀንድ ዋንጫ ሰጡት። ሥሯ ላይ በቢላ «ደ» ተጭሮባታል።

ደሳለኝ፣ አለ በልቡ። ማንንም አልጠየቀም።

«ወራሹ ይሄ ነው?» አሉ እትዬ ጥሩብርሃን። «ጠላ መቅዳት ይችላል?»

«መመረቁንስ ተመርቋል» አሉ አያ። «መቅዳት ግን አላስተማሩትም።»

አንተነህ ሳቀ። ድምፁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከሁለት ወር አንድም 16 አልቀረም።

ንጋት ላይ እንቅልፍ እንደሚያጣ፣ የሚነሳበት ምክንያት እንደማይታየው ለማንም ያልነገረውን ለአያ ነገራቸው።

አልመከሩትም።

«እኔም በዚያ ሰዓት ነቅቼ ነው የምገኘው» አሉት። «ሁለታችንም ከነቃን ደውልልኛ።»

ደወለ። ስለ በሬ ዋጋ አወሩ። ስለ ኳስ ምንም የማያውቁት ሽማግሌ «ያንተ ቡድን ዛሬም ተሸነፈ?» ማለት ለመዱ። ምግብ መብላት ጀመረ። መተኛትም ጀመረ።

ከዚያ ሥራ አገኘ... ጉንደ ወይን፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ የሒሳብ አስተማሪ።

በመጀመሪያው 16 አያ ሲደውሉ ክፍል ውስጥ ነበር።

በሁለተኛው ሳያነሳው «ነገ እደውላለሁ» አለ በልቡ። ረሳው።

በሦስተኛው ከአዳዲስ ጓደኞቹ ጋር ኳስ እያየ ነበር። ስማቸውን አየና ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

በአራተኛው ፈተና እያረመ ነበር።

በአምስተኛው ስልኩ አልጮኸም... እፎይ አለ።

ከሦስት ቀን በኋላ እናቱ ደወለች።

«አያን በ12 ቀበርናቸው። ‹ልጁ ሥራ ላይ ነው፣ እንዳታስደነግጡት› ብለው አስምለውኝ ነው ዝም ያልኩት።»

በሚቀጥለው 16 አንተነህ ከጉንደ ወይን ወደ ማኅበሩ መጣ። ቦታው ላይ ማንም የለም። ዋንጫዋ ተደፍታ ተቀምጣለች።

«አያ ማንንም አላስቀመጡበትም» አሉ እትዬ ጥሩብርሃን።

«ያባቴን ቦታ ጠበቁልኝ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞሩ።

«የኔ ልጅ... አባትህን እኛ አናውቀውም። ማኅበርተኛችን ሆኖ አያውቅም።»

አንተነህ ዋንጫዋን ገልብጦ «ደ»ን አሳያቸው።

«ደመላሽ ነው» አሉ። «የአያ ልጅ። እኛ ጋ ይጠጣ ነበር። በ24 ዓመቱ እንዳንተ በር ዘግቶ ተኛ። አያ ‹ወጣት ነው፣ ያልፍለታል› ብለው ተዉት። አንድ ቀን ጠዋት ቢያንኳኩ... አልከፈተም።»

በጣታቸው «ደ»ን ነካ አደረጉ።

«ያንተን ነገር ከእናትህ ገበያ ላይ ሰሙ። በማግስቱ ‹ወራሽ አገኘሁ› ብለው መጡ። ‹ያባትህ ቦታ› ያሉህ፣ እውነቱን ቢነግሩህ እንደማትመጣ ስላወቁ ነው። እናትህም ታውቃለች።»

«ታዲያ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ለምን ይደውሉ ነበር? ድኜላቸው አልነበር?»

«ደመላሽ የሞተው በ16 ነው፣ አንተነህ። በዚያ ቀን ለብቻቸው መዋል አይችሉም ነበር። አንተ የመጣህ ጊዜ ነው ያን ቀን ሲስቁ ያየናቸው።»

አንተነህ ስልኩን አወጣ።

አራት ያልተመለሱ ጥሪዎች... አራቱም በ16።

እትዬ ጥሩብርሃን ጠላ ሊቀዱለት ማንቆርቆሪያውን አነሱ። እሱ ግን ዋንጫዋን መልሶ ደፋት። ተነሥቶም አያ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ትምህርቱ፦ ወጣትና ሽማግሌ ሲወዳጁ ሁሌ ደጋፊው ሽማግሌው፣ ተደጋፊው ወጣቱ ይመስለናል። አንተነህን ያነሳው የአያ ማንኳኳት ነው፤ አያን አቁሞ ያቆያቸው ደግሞ የአንተነህ በር መከፈቱ ነበር። እኛ ስንድን «በቃ፣ ጨረስን» እንላለን። ያኛው ሰው ግን ገና አልጨረሰም።

እናንተስ... ደህና ስትሆኑ መደወል ያቆማችሁላቸው አንድ ትልቅ ሰው ማን ናቸው? ስማቸውን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ደውሉላቸው።