የአማቱ ቦርጬ

ቧንቧ ሠራተኛው በአማቱ ቤት ከሚስቱ ጋር ያለ ኪራይ ሲኖር ግዴታው አንድ ብቻ ነበር፤ ቦርጬን አለመንካት።

ቦርጬ የሳሎኑ መስኮት ላይ የተቀመጠ ተክል ነው። ዘሩ የደረቅ ድንጋያማ አገር ስለሆነ ውሃውን ከሥሩ ባበጠው ግንዱ ያጠራቅማል፤ አናቱ ላይ ያለችው ቅጠል ለይስሙላ ናት። የአማቱ ሟች ባለቤት በሠርጋቸው ሰሞን ከቋጥኝ መሃል ነቅለው እንዳመጡት ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። አማቱም «ቦርጩም፣ ጠማማ አንገቱም ቁርጥ እሳቸውን» እያሉ ያዋሩታል።

አማቱ እህታቸውን ሊጠይቁ ሲነሱ አስጠነቀቁት።

«ቅጠሉ ሲረግፍ ተኝቶ ነው። ጠብታ ውሃ እንዳታሳየው! እሱ ከሞተ ሻንጣህን አዘጋጅ።»

ቅጠሉ ረገፈ። ቧንቧ ሠራተኛ ደረቅ ነገር እያየ እንዴት ዝም ይላል? አንጀቱ አልቻለም፤ ጠብ ጠብ የምትል ቀጭን ቱቦ ዘረጋለት። በሥራውም ኮራ።

ብዙም ሳይቆይ ቦርጩን ጫን ቢያደርገው ጣቱ ስምጥ አለ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ጉድ ፈላ!» አለች ወሯ የገባው ሚስቱ። «እናቴን አታውቃትም? ይህን ሆድ ይዤ የት ልገባ ነው?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ባል እየሮጠ ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሄደ። ሻጩ ቦርጩንና ጠማማ አንገቱን ሲሰማ ሌላ አልጠየቀም፤ ከጆንያዎቹ ጀርባ ቁርጥ ቦርጬን የመሰለ አወጣለት።

«ለደንበኛ ያስቀመጥኩት ነበር፤ ፊትህን ሳየው ግን የአንተ ይብሳል» አለው።

አሮጌው ማሰሮ ውስጥ ተክሎ ጠጠሩን መለሰበት። ቱቦውንም ደበቀ።

አማቱ ሲመለሱ ልጃቸውን ከመሳማቸው በፊት ወደ መስኮቱ ሄዱ። ማሰሮውን አዞሩ። ቦርጩን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። አንገቱ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ተኝቶ ነው፣ እማማ» አለ አማች፣ ላብ በላብ ሆኖ።

አማቱ ልጃቸውን ውሃ እንድታመጣ ወደ ማድቤት ላኳትና በሩን ዘጉ። ሰውየው ሻንጣው የት እንዳለ ማሰብ ጀመረ፤ ሚስቱ አሳዘነችው።

አማቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ሌባ! ለእኔ ለመተኪያ ያስቀመጠውን ለአንተ ሸጠልህ?»