የሳጅኑ እምቢታ

ፒካፑ ጫኔ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ኮማንደሩ ከመቀመጫው ሳይነቃነቅ ወደ ቤቱ ጠቆመ።

"ግባና የሰውዬውን መሣሪያ አምጣ!"

"ፈቃድ ያለው መሣሪያ ነው" አለ ሳጅኑ። "የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘናል?"

"ትእዛዙ እኔ ነኝ!"

"እንግዲያው አልገባም። ሕገወጥ ትእዛዝ አልፈጽምም።"

ኮማንደሩ አፈጠጠበት። "ሌላው ቢያዝንለት ይገባኛል። አንተ ለጫኔ ጠበቃ ትቆማለህ? ሆን ብዬ እኮ ነው አንተን መርጬ ያመጣሁህ!"

ሳጅኑ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

"በል ትጥቅህን ፍታ! በእግርህ ትመለሳለህ።"

ሳጅኑ ክላሹንና ዝናሩን አስረከበ። ኮማንደሩ እሱ ራሱ ወርዶ ሊገባ አልደፈረም፤ ፒካፑ ሳጅኑን አቧራ አልብሶት ተፈተለከ።

ያኔ ጫኔ ምንሽሩን አቀባብሎ ከአጥሩ ጀርባ ወጣ። የተባለውን ሁሉ ሰምቷል። አፈሙዙን ሳጅኑ ደረት ላይ ደገነ።

"ወንድሜን የገደለው አባትህ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አንተን እንዲህ ጠመንጃ ሳትይዝ ላገኝህ ስንት ዓመት እንዳደባሁ ታውቃለህ?"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ይሄን ምንሽር ለምን አልወሰድክም?"

"ሕጉ አይፈቅድልኝም።"

ጫኔ ምራቁን እንትፍ አለ። ጣቱ ከምላጩ ላይ አልተነሳም። ዝናር የተፈታበትን የሳጅኑን ወገብ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ጥፋ ከፊቴ!" አለ በመጨረሻ። "ባዶ እጁን የቆመ ሰው ገድዬ የወንድሜን ደም መለስኩ አልልም። ትጥቅህን ሲመልሱልህ ና። ቤቴን እንደሆነ ታውቀዋለህ።"