የድስቱ ሽታ

ፋብሪካው የፕላስቲክ መስኮት ይሠራል። የፍሬሙ ጥግ በጋለ ብረት ይበየዳል፣ ትርፉ በቢላ ይላጋል፣ በመጨረሻ ማጽጃ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ይወለወላል። የቆሸሸው ማጽጃ አይደፋም። በበርሜል ተሰብስቦ ጓሮ ወዳለች ክፍል ይሄድና ሠራተኞቹ ‹‹ድስቱ›› በሚሉት የብረት ጋን ይፈላል። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ንጹሕ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ግራጫው ዝቃጭ ከታች ይቀራል።

ድስቱን ለሃያ ስድስት ዓመት የያዘው አንድ ሽማግሌ ነው። በሌለበት ‹‹አፍንጫው›› ይሉታል፣ ፊት ለፊት ‹‹ጋሼ››። አዲስ ማጽጃና ከድስቱ የወጣ ማጽጃ ለሌላው ሰው አንድ ነው። እሱ ግን ድሮ ዓይኑን ታስሮ አሥራ ሁለት ጣሳ አሽትቶ ለይቷል። ያን ጊዜ ያልተቀጠሩት ሳይቀሩ እንዳዩ አድርገው ያወሩታል።

አሁን አሁን የወጣለትን በመስታወት ቁራጭ ላይ ጠብ አድርጎ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ቀለበት ካልተወ ንጹሕ ነው። ‹‹ጋሼ ደግሞ ሲራቀቅ!›› እያሉ ይስቃሉ።

ያን ቀን ጠዋት ሻይ የምታፈላው ሴት እየሮጠች መጣችበት።

‹‹ውይ ጋሼ! እንዳይጠጡት፣ ሻዩ ላምባ ነክቶት ሁሉም ደፍቶታል!››

ብርጭቆው ባዶ ነበር።

‹‹ምንም አይል የኔ ልጅ። እጅሽ ይባረክ›› አላት።

እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ አይታ እንደማታውቅ ለሁሉም አወራች።

የብየዳውን ትርፍ በቢላ የሚልገው አማቹ ነው። የሽማግሌውን አንድ ልጅ ካገባ ስድስት ዓመቱ። ከሦስት ቀን በፊት ልጅቷ ዓይኗ አብጦ፣ የወለቀ ጥርሷን በመሐረብ ቋጥራ አባቷ ቤት ገብታለች። ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው።

‹‹ጋሼ›› አለ አማቹ፣ ሰው እየሰማ፣ ‹‹ዛሬ ከሥራ ስንወጣ አብሬዎት እመጣና እወስዳታለሁ። በእግሯ ካልሆነ በቃሬዛ።››

‹‹ሚስትህ ናት። እኔ ምን አገባኝ›› አለ ሽማግሌው፣ ወደ በርሜሉ ዞሮ።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አባት ተብሎ!

አራት ሰዓት ላይ ፎርማኑ የተጫረ ፍሬም አንጠልጥሎ መጣ። አማቹን ጥያቄ አልጠየቀውም፤ በጥፊ አጮለው።

‹‹አንተ በሬ! መስኮት ነው የሠራኸው ወይስ አይጥ የበላው ሳጥን?››

አማቹ ቢላውን አነሣ። ሦስት ሰው ያዘው።

‹‹ይሄን ጭንቅላትህን ባልፈልጠው እኔ ወንድ አይደለሁም!››

ፎርማኑ እየሳቀ ወደ ጓሮው ዘለቀ። ‹‹አንተ ሽማግሌ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አዲስ ብቻ ነው የምንገዛው። ይሄ ድስትህ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል›› አለ።

‹‹እሺ ጌታዬ›› አለ ሽማግሌው።

ከምሳ ሲመለሱ ፎርማኑን ድስቱ ክፍል ወለል ላይ አገኙት። የበርሜል መክፈቻው ብረት አጠገቡ ወድቋል። የራስ ቅሉ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ገብቷል። ከድስቱ የወጣው ማጽጃ ከነባልዲው ተገልብጦ፣ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ደጃፉ ወርዷል። ሽማግሌው ዳቦውን እንደያዘ ከሁሉም ኋላ ደረሰ።

የመጋዘን ኃላፊዋ በሩን አስቆለፈች።

‹‹ስሙ። ካለፈው ሰኞ ወዲህ የወለወልነው በአዲሱ ማጽጃ ብቻ ነው። የድስቱን ማንም አልነካም። የገደለው ሰው ግን እጁ ላይ ተረጭቶበታል። ጋሼ፣ ያሽትቱን!››

‹‹ተዉኝ ልጆቼ። እኔ አርጅቻለሁ።››

ለመኑት። አንዱ ጉልበቱን ሊይዝ ጎንበስ አለ።

ሠላሳ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ተሰለፈ። ከሰልፉ ውጭ የቀረው ሽማግሌው ብቻ ነበር። መዳፋቸውን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይለቃል። አማቹን አለፈው። ሁለት ሰው ሄዶ ተመለሰ። እጁን እንደገና ያዘ፣ ቆየ። እንባው በጉንጩ ወረደ።

‹‹ልጄን ምን ብዬ ልንገራት?›› አለ።

‹‹አንተ ሽማግሌ! ምን ትቀባጥራለህ? ተኝቼ ነበር! እዚያ ፍሬሙ ኋላ ተኝቼ ነበር!››

‹‹ማን አየህ?›› አለች ኃላፊዋ።

ማንም አላየውም።

መጀመሪያ የመታው መስታወት ገጣሚው ነው፣ በላስቲክ መዶሻው፣ አፉ ላይ። ከዚያ የፍሬም ቁራጭ ያነሣም፣ ጫማውን የተጠቀመም ነበር። ፎርማኑ በሕይወት ሳለ በጥፊ ያላለው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ወንድሙ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጥርስ በወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ሻይ አፍይዋ በእግሯ ገፋ አደረገችው። አማቹ መጮኹን ካቆመ በኋላም ብዙ ጊዜ መቱት። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ፖሊስ ሲደርስ የሚታሰር ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። ልጁ የጋዝ ምድጃው ላይ ውሃ ጥዳ መኝታ ቤት እንቅልፍ ወስዷታል። ውሃው ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል። እሱ ወንበር ስቦ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ፣ ሲጋራ ከንፈሩ ላይ ሰካ፣ ክብሪት አወጣ።

ልጅቷ ከመኝታ ቤት ብቅ ስትል ጮኸች። ክብሪቱን ከእጁ ነጥቃ ወረወረች፣ ምድጃውን ዘጋች፣ መስኮቱን በረገደችው።

‹‹አባባ! ቤቱ በጋዝ ታፍኖ ክብሪት ልትጭር! አይሸትህም እንዴ?››

‹‹ኧረ ልጄ›› አላት፣ ‹‹አንድ ነገር ከሸተተኝ አምስት ዓመቴ ነው።››